የግራፊክ ዲዛይን ሥራ በጎጃም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ እስከ ቡሬ፣ ሎጎ፣ ታፔላ፣ ሌብል ወይም የሠርግ ጥሪ የሚያሠሩ ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው።

ግራፊክ ዲዛይነር ከማተሚያ ቤት በምን ይለያል?

ዲዛይነሩ የሚያስበው ምን እንደሚታተም ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ በምን ማሽን፣ በምን ወረቀትና በስንት ብር እንደሚታተም። በከተሞቻችን ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሠሩ ባነር ያዘዘ ሰው ዲዛይኑን በነጻ ያገኛል። ያ ነጻ ዲዛይን ወረፋ የያዙ ሰዎች ከኋላ ቆመው በሩብ ሰዓት የሚሠራ ነው። ለአንድ ቀን ለሚሰቀል የምረቃ ባነር ይበቃል። ለዓመታት ታፔላ፣ ማኅተም፣ ደረሰኝና ማሸጊያ ላይ ለሚውል የድርጅት ምልክት ግን አይበቃም።

ዲዛይነሮች የት ይማራሉ? ዲግሪ የሌለው ይታመናል?

መንገዱ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ከዚህ ውጪ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ በማተሚያ ቤት ረዳትነት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥር ሆነው ወይም በቪዲዮ ብቻ የተማሩ አሉ። የመጡበት መንገድ ሥራቸው ላይ ይታያል። ከማተሚያ ቤት የመጣው ቀለምና ወረቀት ስለሚያውቅ ፋይሉ ማሽን ላይ አያስቸግርም። ሥዕል የተማረው በእጁ ስለሚነድፍ ሐሳብ አያጥረውም። ከቪዲዮ የተማረው ሶፍትዌሩ ላይ ፈጣን ነው፤ የሚፈተነው ሕትመት ላይ ነው።

ስለዚህ ከዲግሪው ይልቅ ሥራውን ይጠይቁ። ስልክ ላይ ያለው ሁሉ ያምራል፤ የታተመውን በእጅዎ ይዘው ይዩ። የአማርኛው ፊደል ጥርት ብሎ ይነበባል? የተለያዩ ደንበኞች ሥራ እርስ በርሱ ይለያል ወይስ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው? ከዚያ አንዱን መርጠው “ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?” ይበሉት። ስለ ደንበኛው ገዢዎች፣ ስለሚሰቀልበት ቦታና ስለ መጠኑ እያነሳ ካስረዳዎ አስቦ የሚሠራ ሰው አግኝተዋል።

ሥራ ስሰጥ ምን ይዤ ልምጣ?

በመጀመሪያ ስሙን፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ በተጻፈበት ፊደል። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ገንዘብ ያባክናል። “ጎጃም” ወይስ “ጐጃም”? “ዓባይ”፣ “ዐባይ” ወይስ “አባይ”? “ባሕር ዳር” ወይስ “ባህር ዳር”? ሁሉም ይጻፋል። ታፔላው በአንዱ፣ ማኅተሙ በሌላው ከሆነ ግን ባንክና ውል ላይ ያስቸግራል፤ ለማስተካከልም ሁሉንም ዳግም ማሳተም ይመጣል። በእንግሊዝኛም የሚጻፍ ከሆነ እሱንም አንዴ ወስነው ይምጡ።

ቀጥሎ ዲዛይነሩ የሚጠይቅዎትን ያስቡ። የሚገዛዎት ማነው፣ የከተማ ሰው ነው ወይስ ከገጠር ለገበያ የሚመጣ? ምልክቱ በጣም ትንሽ ሆኖ የሚታየው የት ላይ ነው፣ በጣም ትልቅ የሚሆነውስ? በጎንዎ ያሉት ተመሳሳይ ሱቆች ምን ቀለም ይጠቀማሉ? የሚወዷቸውን ሁለት ሦስት ሥራዎች ያሳዩ፤ የማይወዱትንም ያሳዩ። የማይወዱት ብዙ ጊዜ ከሚወዱት በላይ ይረዳል።

ሎጎ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል? ለምንስ ይዘገያል?

በጥንቃቄ ከተሠራ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት። ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት በእርሳስ ከ20 እስከ 30 ትንንሽ ንድፎች ያወጣል፤ መጀመሪያ የሚመጡት ሰው ሁሉ የሚያስባቸው ስለሆኑ የሚጠቅመው ብዙውን ጊዜ ኋላ የሚመጣው ነው። ከእነዚያ ሁለት ወይም ሦስቱን አጥርቶ ለእርስዎ የሚያሳየው በጥቁርና ነጭ ነው። “ቀለሙ የት አለ?” ብለው አይቆጡ። ማኅተምዎ ባለ አንድ ቀለም ነው፣ ፎቶ ኮፒ ሲነሳም ቀለም የለም፤ ያለ ቀለም የማይቆም ምልክት ከቀለም ጋርም አይቆምም።

ከመረጡ በኋላ ፈተናው ይመጣል። ምልክቱ በ4 ሴንቲ ሜትር ማኅተም ልክ ተቀንሶ ይታተማል። በስልክ ላይ የቴሌግራም ፕሮፋይል ክብ ውስጥ ይገባል። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከ10 ሜትር ይታያል። ከሦስቱ በአንዱ ከወደቀ ይስተካከላል።

ዋጋው ከሰው ሰው ለምን ይለያያል? ቀብድስ ለምን ይጠየቃል?

ዋጋው የሚወሰነው በሥዕሉ ውስብስብነት ሳይሆን በሥራው ስፋት ነው፤ ስንት አማራጭ፣ ስንት ማስተካከያ፣ በምን በምን ላይ የሚውል፣ ምን ዓይነት ፋይል የሚረከብ። ርካሽ የተባለው ሥራ ሁለት ጊዜ ሲታተም ከውዱ ይበልጣል። ግማሹን ቀብድ መክፈል የተለመደ ነው፤ ዲዛይነሩ ንድፉን ሠርቶ ደንበኛው ስልክ መዝጋቱ የሙያው የቆየ ጉዳት ስለሆነ ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሥራውን ዝርዝር፣ ቀኑን፣ ዋጋውንና የማስተካከያውን ብዛት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ዘመድም ቢሆን።

የአማርኛ ጽሑፍ ዲዛይን ላይ ለምን እንደ እንግሊዝኛው አያምርም?

ያምራል፤ የሚያበላሸው በእንግሊዝኛ ልክ መያዙ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሁሉም ቁመቱ ይቀራረባል፣ ስለዚህ መስመሩ ጥቅጥቅ ይላል። በ10 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተጻፈ አማርኛ ከመስመር መስመር 14 ወይም 15 ነጥብ ካልተሰጠው ዓይን ይታፈናል። ማዝመምም፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ጎን ማጋደል፣ ለፊደላችን ባዕድ ነው። የብራና ጸሐፊዎች ማጉላት የፈለጉትን ቃል በቀይ ቀለም ነበር የሚለዩት፤ ያ ልማድ ዛሬም ከማዝመም በላይ ያገለግላል።

ትልቁ ጥፋት ግን ማደንደን፣ ማለትም “ቦልድ” ማድረግ ነው። አንድ የማር ሌብል በቅርበት እንይ፤ “ማር ቤት” ይላል። “በ”ን “ቤ” የሚያደርገው በቀኝ እግሩ ግርጌ ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። ፎንቱ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ሳይኖረው በሶፍትዌሩ ቁልፍ ሲደነድን መስመሩ ወደ ውስጥም ያብጣል። በ7 ነጥብ ሲታተም ቀለም ቀለበቷን ይደፍናታል፣ እና “ቤት” የነበረው “ቢት” ሆኖ ይነበባል። በ“ቡ” እና በ“በ” መካከል ያለችው የጎን ጭረትም እንዲሁ ትጠፋለች። በእንግሊዝኛ አንድ ጭረት ቢደበዝዝ ቃሉ ይታወቃል፤ በእኛ አንድ ጭረት አናባቢ ነው። ስለዚህ ደማቅ ከተፈለገ ደማቅ ሆኖ የተሠራ ፎንት ይመረጥ፤ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ አለው። ለሌብል ጥቃቅን ጽሑፍም ከ7 ነጥብ አይውረዱ፤ 8 ይሻላል።

ሥርዓተ ነጥቡንም ይዩ። ሁለት ጊዜ ኮሎን ተመትቶ የተሠራ አራት ነጥብ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ሁልጊዜ ይታወቃል፤ “።” የራሱ ቁልፍ አለው።

ጽሑፉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ለምን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆናል?

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተለመዱትና ዛሬም በየቢሮው የቀሩት እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ አሮጌ ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ደርበው ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ከሥሩ ያለውን ላቲን ያሳያል። ጽሑፉ አራት ማዕዘን ሳጥን ከሆነ ደግሞ ዩኒኮድ ነው፤ የጎደለው የአማርኛ ፎንት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይጻፍ። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፋይል ደግሞ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይለወጥ፣ በሙያው ቋንቋ “ከርቭ ይደረግ”። በኮረል ድሮው ኮንትሮልና ኪው፣ በኢለስትሬተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ነው። ከርቭ የተደረገ ጽሑፍ ስሕተት ቢገኝበት ስለማይታረም፣ ከርቭ ያልተደረገውን ቅጂ ለየብቻ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ስልኬ ላይ ደማቅ የነበረው ቀለም ሲታተም ለምን ደበዘዘ?

ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ማተሚያ የሚሠራው ወረቀት ላይ በሚፈስ አራት ቀለም ነው፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። እንደ መብራት የሚያበራ አረንጓዴና ኤሌክትሪክ የመሰለ ሰማያዊ በወረቀት ላይ አይገኝም። ፋይሉ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በእነዚህ አራት የሕትመት ቀለሞች፣ ከተሠራ የሚያዩት ከሚታተመው ጋር ይቀራረባል፤ ብዛት ከመታተሙ በፊት አንድ ሙከራ ማሳተም ደግሞ ክርክሩን ሁሉ ይዘጋል። ጥቃቅን ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም፤ ከአራቱ ቀለም ከተቀላቀለ ትንሽ ሲዛነፍ ጥላ ያለው ይመስላል።

ውጭ ለሚሰቀል ነገር አንድ ተጨማሪ ሐሳብ፦ ፀሐይ ቀድማ የምትበላው ቀዩንና ቢጫውን ነው። ከርሞ ያዩት ባነር ሁሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። ለዓመታት ለሚቆም ታፔላ ዋናውን ስም በቀይ ብቻ አያስጽፉ።

መጠኑን እንዴት ልወስን?

ቢዝነስ ካርድ 9 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ፋይሉ 9.6 በ5.6 ይሠራል። በየጎኑ ያለው ትርፍ 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫው ነው፤ ያለ እሱ ቢላው ትንሽ ሲስት ነጭ ጠርዝ ይወጣል። ጽሑፍ ከጠርዙ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይሁን። በባነር ላይ ደግሞ ዳሩ ስለሚታጠፍና ለገመድ ስለሚበሳ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተው።

ለታፔላ የፊደሉን ቁመት ከርቀቱ ያውጡ፤ ለየ3 ሜትሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከመንገዱ ማዶ 20 ሜትር ርቆ ላለ ሰው ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በባጃጅ እያለፈ ለሚያነብ ሰው ስሙና የሚሸጠው ነገር ብቻ ይበቃል። አሥር አገልግሎት የተዘረዘረበት ታፔላ አንዱም አይነበብም።

ለማር ብርጭቆ ዕቃ ሌብል በዙሪያው ሜትር ያዙሩ ወይም ስፋቱን በ3.14 ያባዙ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዙሪያው 25 ያህል ነው፣ ሌብሉ 24 ቢሆን ማሩን የሚያሳይ ክፍተት ይተርፋል። ዕቃው ወደ ላይ የሚሰፋ ከሆነ ቀጥ ያለ ሌብል ይሸበሸባል፤ ቅስት ሆኖ መቆረጥ አለበት። ማር የነካው እጅ ተራ ወረቀትን ስለሚያበላሽ የፕላስቲክ ስቲከር ወይም የተለበጠ ወረቀት ይምረጡ።

ፎቶ በቴሌግራም ብልክ ይሆናል?

እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ከላኩ ይሆናል። በተለመደው መንገድ ሲላክ ፎቶው ተጨምቆ ረጅም ጎኑ ብዙውን ጊዜ 1,280 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ያ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጥራት 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለብሮሸር ትንሽ ምስል ይበቃል፣ ለሙሉ ኤ4 ሽፋን አይበቃም። ከፌስቡክ የተወሰደ ሎጎማ ለምንም አይሆንም። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ፍላሽ ይዞ መምጣት አሁንም አስተማማኙ መንገድ ነው።

የሠርግ ጥሪ ላይ ቀንና ሰዓት እንዴት ይጻፍ?

ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ካለ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ዓመተ ምሕረቱም ይለይ። ሰዓቱን “ከቀኑ 6 ሰዓት” ብለው ካልገለጹ በቁጥር ብቻ የተጻፈውን እንግዳው ለጠዋት ይወስደዋል። የሳምንቱን ቀን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ያመሳክሩ፤ “ቅዳሜ” ተብሎ እሑድ ላይ የዋለ ጥሪ በየዓመቱ ይታያል።

ስንት ጊዜ አስተካክሉልኝ ማለት እችላለሁ?

ሁለት ወይም ሦስት ዙር የተለመደ ነው። ዙሩ የሚያልቀው አስተያየቱ በየሰዓቱ ተቆራርጦ ሲመጣ ስለሆነ ሰብስበው በአንድ ላይ ይስጡ። “ትንሽ ይሻሻል” ከሚሉ “ስሙ ከሩቅ አይታየኝም” ይበሉ፤ ችግሩን ሲነግሩት መፍትሔውን ማምጣት የዲዛይነሩ ሥራ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የኮሚቴ ሥራዎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ንድፉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ 30 ሰው 30 ሐሳብ ይሰጣል፣ አንዱ በሬ፣ አንዱ ጤፍ፣ አንዱ የተጨባበጡ እጆች ይጨምራል፤ በመጨረሻ ምልክቱ እንደ ዕድር መዝገብ ሁሉንም ይይዛል። ኮሚቴው ሥራው ሳይጀመር ይምከር፣ መስፈርቱን ይጻፍ፣ ከዚያ አንድ ወሳኝ ሰው ይወክል።

ሎጎዬ ላይ ጢስ ዓባይ ወይም የጣና ታንኳ ይግባ?

መውደድዎ ይገባናል፤ የአገር ኩራት ነው። ችግሩ ሆቴሉም፣ ትራንስፖርቱም፣ ክሊኒኩም፣ የእህል ነጋዴውም ያንኑ ፏፏቴና ያንኑ ደንገል ታንኳ መያዛቸው ነው። ምልክት ሥራው መለየት ነው። ከእርስዎ ሥራ የሚወጣ ነገር ቢፈለግ ጎጃም ገና ያልተነካ ብዙ አለው፤ የጮቄ ገብስ፣ የአገው ፈረስ፣ የእንሥራ አንገት፣ የስፌት ሞሰብ ጥለት።

በጎንጅ፣ በዋሸራና በዲማ ቅኔ ቤቶች የተማረ ሰው ይህን ሥራ ቶሎ ይረዳዋል። ሰሙ ብቻውን ሙሉ ካልሆነ ወርቁ አይወጣም። ለማር ነጋዴ “ማ”ን እንውሰድ፤ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ክቦች አሉት። ክቦቹ ቀስ ብለው ስድስት ማዕዘን ቢሆኑ ሁለት የማር እንጀራ ዓይኖች ይሆናሉ። ያየ ሰው መጀመሪያ “ማ” ብሎ ያነባል፣ ከዚያ ማሩን ያየዋል። ማዕዘኑ ከበዛና ፊደሉ ካልተነበበ ግን ሰሙ ፈርሷል፤ ወደ ክቡ መመለስ ነው። ዲዛይነሩ ብዙውን ሰዓት የሚያጠፋው በዚህ ልክ ፍለጋ ነው።

የጣና ገዳማትን ሥዕል ለንግድ መጠቀም ይቻላል?

ቅዱሳት ሥዕላትን ሌብልና ፌስታል ላይ ማተም አይገባም። ማሸጊያ ተቀዶ የሚጣል፣ የሚረገጥ ነገር ነው፤ እንደ ዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ግን የሚከበር ነው። ለመጽሐፍ ወይም ለጉብኝት ብሮሸር የሚፈለግ ከሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቅ።

ከዚያ ባሕል መውሰድ የሚቻለው መንፈሱን ነው። የብራና መጻሕፍት ሐረግ (የገጹ ጌጥ) ለአዲስ ሥራ በአዲስ እጅ ሊነደፍ ይችላል፤ ጥቁርና ቀዩም ለሁለት ቀለም ሕትመት ተስማሚ ነው። የሰው ምስል በዚያ ዘይቤ ሲሣል ደግሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ይህን ሳያውቅ ፈገግ ያለች ገበሬን በጎን የሣለ ዲዛይነር፣ የሚያውቀውን ተመልካች ያስደነግጣል።

ሥራው ሲያልቅ ምን ፋይል ልረከብ? ዋናውን አልሰጥም ካለኝስ?

ለሎጎ ቢያንስ ሲሰፋ የማይበላሽ የቬክተር ፋይል፣ ማለትም ፒዲኤፍ ወይም ኤስቪጂ፣ መደቡ ባዶ የሆነ ፒኤንጂ፣ የጥቁርና ነጭ ቅጂ፣ የቀለሞቹ መለያ ቁጥርና የፎንቱ ስም። ፋይሉ በእርግጥ ቬክተር መሆኑን ለማወቅ እጅግ አስፍተው ጠርዙን ይዩ፤ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ፎቶ ነው የተሰጠዎት።

የሚስተካከለውን የሥራ ፋይል መስጠት ግን በውል የሚወሰን ነው። አንዳንዱ ዲዛይነር በዋጋው ውስጥ ያስገባዋል፣ አንዳንዱ ለብቻው ያስከፍላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠራ ሥራን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማን ምን መብት እንዳለው ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ።

በካንቫ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሴ ብሠራውስ?

ለበዓል መልካም ምኞትና ለቴሌግራም ማስታወቂያ ይሠሩ፤ ጥሩ ነው። ለሎጎ ግን ካንቫ ላይ ያለውን ምልክት ሌላውም ሰው ስለሚወስደው የእርስዎ ብቻ አድርገው ሊያስመዘግቡት አይችሉም። ሥዕል የሚያመነጩት መሣሪያዎች ደግሞ የግዕዝን ፊደል ብዙ ጊዜ ያበላሹታል፤ ፊደል የሚመስል፣ የማይነበብ ጭረት ያወጣሉ። ሥዕሉን ከእነሱ ወስደው ጽሑፉን በእውነተኛ ፎንት ይጻፉ። የሚሰጡትም ፎቶ እንጂ ቬክተር ስላልሆነ ለታፔላ እንደገና መሣል ይኖርበታል።

ንግድ ፈቃድ ካለኝ ሎጎዬ ተመዝግቧል ማለት ነው?

አይደለም። የንግድ ስም የሚመዘገበው በንግድ ቢሮ ነው፤ የንግድ ምልክት ደግሞ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም።

ዲዛይነሩ እዚህ ላይ የሚረዳዎ ገና ከመነሻው ነው። የዕቃውን ዓይነትና የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም፣ ለምሳሌ “የጎጃም ማር” ብቻ፣ የአንድ ሰው ምልክት ሆኖ ለመመዝገብ ይቸገራል፤ ሌላውም ነጋዴ በእውነት የጎጃም ማር ይሸጣልና። የመንግሥት ዓርማና ሰንደቅ ያለበትም ያለ ፈቃድ አያልፍም። ስለዚህ ስሙ ታፔላ ላይ ሳይወጣ፣ ማሸጊያው በብዛት ሳይታተም፣ ተመሳሳይ ምልክት መኖር አለመኖሩን ባለሥልጣኑ ጋ ያጣሩ። የሚያስመዘግቡት ደግሞ ጥቁርና ነጩ ይሁን ባለ ቀለሙ ከዲዛይነርዎ ጋር አስቀድመው ይወስኑ።